የስድስተኛው ወር እጆች

ሥራዬ መለመን ነው። በጽሑፍ ስለምለምን ወንበርና ጠረጴዛ ሰጥተውኛል እንጂ በየበሩ ከሚዞረው ለማኝ ብዙም አልለይም። እንዲያውም እሱ ለራሱ ስለሆነ የሚለምነው ውሸት አያስፈልገውም። እኔ የምለምነው ለሰው ነው፤ ለሰው ሲለምኑ ደግሞ ትንሽ መጨመር፣ ትንሽ መቀነስ ይመጣል።

ድርጅታችን የሚረዳቸው ሴቶች ገላቸውን ሸጠው የሚያድሩ ናቸው። በደብዳቤዎቻችን ላይ «ለችግር ተጋላጭ ሴቶች» እንላቸዋለን። ሰፈሩ የሚላቸውን አልጽፈውም። እነሱ ራሳቸው «ሥራ» ነው የሚሉት፤ «ሥራ ቀዝቅዟል»፣ «ዛሬ ሥራ አልወጣሁም» ይላሉ፤ ልብስ ሰፊም እንደዚያው ነው የሚለው። ከአንድ አሮጌ መጋዘን ጀርባ አራት ክፍሎች አሉን። አንደኛው ሻወርና የልብስ ማጠቢያ ማሽን ያለበት ነው፤ አንደኛው የነርሷ ነው፤ አንደኛው ውስጥ ቁልፍ ያላቸው የብረት ሳጥኖች ግድግዳውን ሞልተው ተደርድረዋል። አራተኛው የእኔና የአለቃዬ ቢሮ ነው። ሴቶቹ ከሻወሩም ከመድኃኒቱም አብልጠው የሚወዱት ሳጥኖቹን ነው። ቤታቸው ሊገባ የማይችል ነገር ሁሉ እዚያ ይቆለፋል።

አለቃዬ ደግ ሴት ናት፤ ደግነቷ ግን ሰው ያደክማል። ደብዳቤ ጽፌ በሰጠኋት ቁጥር መነጽሯን ወደ ግንባሯ ገፍታ «ጥሩ ነው፤ ግን አንጀት አይበላም» ትለኛለች። ወስጄ እንደገና እጽፈዋለሁ። እንዲህ እያልኩ ስምንት ዓመት ሙሉ የሰው አንጀት ስበላ ኖሬአለሁ።

ደንብ አለን። ስለ አንዲት ሴት ስንጽፍ ስሟ ይቀየራል፤ ሰፈሯም ይቀየራል። ሴት ልጅ ያላት ወንድ ልጅ ይኖራታል፤ ሦስት የወለደች ሁለት ትወልዳለች። እንዳይቀየር የተከለከለው ችግሩ ብቻ ነው። ፎቶግራፍ ላይ ደግሞ ፊት አይነሳም። የሚነሳው እጅ ነው። ከዚህ የተነሳ በየዓመቱ የምናሳትመው የግድግዳ ቀን መቁጠሪያ የእጅ ነው፤ ለአሥራ ሁለቱ ወር የአሥራ ሁለት ሴቶች እጅ። ሰው ገንዘብ ስጥ ሲሉት ፊቱን ያዞራል፤ ቀን መቁጠሪያ ግዛ ሲሉት ግን ዛሬ ስንት ቀን እንደሆነ ማወቅ የሚጠላ ስለሌለ ይገዛል። በመድኃኒት ቤቱም፣ በጠበቃ ቢሮውም፣ በጥርስ ሐኪሙም ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ያያችሁት ይሆናል።

ፎቶግራፎቹ ከመታተማቸው በፊት መርማሪዋ እኔ ነኝ። ንቅሳት ይታያል? ቀለበት አለ? ከኋላ የሱቅ ስም ወይም የቤት ቁጥር ገብቷል? መስተዋት ውስጥ ፊት ታይቷል? አራቱንም አይቼ ከሥሩ እፈርማለሁ። በስምንት ዓመት ውስጥ አንዲት ሴት እንኳ በእኔ ፊርማ ተጋልጣ አታውቅም ነበር፤ በዚህም፣ እውነቱን ለመናገር፣ ኩራት ኩራት ይለኝ ነበር።

ዘንድሮ ስድስተኛው ወር ላይ ያሉት እጆች የሲስተር ናቸው። ሲስተር ነርስ አይደለችም። ልጇ እናቷ ሆስፒታል ውስጥ የሌሊት ልብስ አጣቢ ናት ብላ ስለምታምን ጓደኞቿ ያወጡላት ስም ነው። ሳጥኗ ውስጥ ሰማያዊ ጋዎን አለ። ጠዋት ጠዋት እኛ ጋ መጥታ ትታጠብና እሱን ለብሳ ወደ ቤቷ ትሄዳለች። «ሲስተር፣ ዛሬ ስንት አንሶላ አጠብሽ?» ይሏታል ሌሎቹ። «እኔ ያላቆሸሽኩት አንሶላ የለ፣ ማጠቡ የናንተ ነው» ትላቸዋለች። ሳቋ ከነርሷ ክፍል ድረስ ይሰማል።

የቀኝ እጇ ትንሿ ጣት ድሮ ተሰብራ ጠማማ ሆና የዳነች ናት፤ አትታጠፍም። ቁልፍ ስትተክል ክሩን እሷ ላይ ጠምጥማ ነው የምትሰፋው። ፎቶ ልትነሳ ስትመጣ የአንድ ሸሚዝ ቁልፍ እየተከለች ተነሳች። ፎቶ አንሺያችን ቀኑን ሙሉ አሥር ቃል የማይናገር ሰው ነው፤ ያን ቀን ግን «ይሄ ጣት ይናገራል» አለ። እኔም ንቅሳት የለም፣ ቀለበት የለም፣ ቁጥር የለም፣ መስተዋት የለም ብዬ ፈረምኩ።

ከፎቶው ሥር የሚገባውንም የጻፍኩት እኔ ነኝ። «ልጄ ዳቦ ቤት የምሠራ ይመስለዋል። እሱ ቀና ብሎ እንዲሄድ እኔ አጎንብሻለሁ» ይላል። ሲስተር እንዲህ አላለችም። ያን ቀን ያለችው «ቶሎ አንሱኝ እንጂ፣ ልጄ ለምሳ ትጠብቀኛለች» ነው። አለቃዬ ግን የእኔን አንብባ ዓይኗን ጠረገች። እንደገና ጻፊ አላለችኝም።

አምስተኛው ወር ሊያልቅ አሥር ቀን ሲቀረው ሲስተር ሰላምታ ሳትሰጠኝ ገብታ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች።

«እህቴ፣ ጉድ ሆኛለሁ» አለችኝ።

ልጇ የምትሠራው አንድ መነጽር ቤት ውስጥ ነው። ሲስተር በየቅዳሜው ትሄድና የደንበኞች ወንበር ላይ ተቀምጣ ጥቂት አይታት ትመለሳለች። ባለፈው ቅዳሜ ስትሄድ ከልጇ ራስ በላይ የእኛ ቀን መቁጠሪያ ተሰቅሏል።

«ከዚያ በፊት አልነበረም። ይሄ የማን እጅ ነው ብዬ ሳይ የዚያች የቀጭኗ ነው፤ አምስተኛው ወር። እሷን አይቼ ልስቅ ስል ቀጣዩ ትዝ አለኝ። ወሩ ሲያልቅ ገጹ ይገለበጣል አይደል? የሚገለብጠውስ ማን ነው? ልጄ ናት።»

«ፊትሽ እኮ አይታይም» አልኳት። «ጽሑፉም ወንድ ልጅ ነው የሚለው። ዳቦ ቤት ነው የሚለው። ማንም አያውቅሽም።»

እጇን አንስታ ጠረጴዛዬ ላይ አኖረችው።

«አንቺ የእናትሽን እጅ ብቻውን ብታይው አታውቂውም ነበር?»

እናቴ ከሞተች አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው። እጇን አሁንም ከሺህ እጅ መሀል አወጣዋለሁ። ደነገጥኩ፤ ከድንጋጤው ይልቅ ደግሞ አፈርኩ። አራት ጥያቄ አዘጋጅተን ስንመረምር የኖርነው መንገደኛ እንዳያውቃቸው ነበር። ያጠባቻት ልጅ ብታይስ ብሎ የጠየቀ አንድም አልነበረም። ይህን የመሰለ ሞኝነት የሚሠራው ደግሞ በደንብ የሚሠራ ቢሮ ብቻ ነው።

«ዕድሜዋን ሙሉ ደብቄአታለሁ» አለች ሲስተር። «ሃያ አራት ዓመት። አሁን ልታገባ ነው። እናቷን አይተህ ልጇን አግባ ሲባል አልሰማሽም? እሱ ቢተዋት እሺ፣ ይተዋት። እሷ ዓይኔን ማየት ብትተውስ? እኔ ከዚያ በኋላ ምን ቀረኝ?»

«ሁሉንም ከየቦታው እንሰብስበው ወይ?» አልኳት። የማይቻል መሆኑን እያወቅኩ ነው የጠየቅኩት።

«ሌላው ምን ገዶኝ። ዓለም አይቶኛል፤ ምኔ ቀርቶት። የእሷን ብቻ አንሺልኝ። ስትሄጂ ደግሞ ስሜን እንዳታነሺ።»

ቃል ገባሁላት። ለአለቃዬ ስነግራት መነጽሯን አወለቀች። የመነጽር ቤቱ ባለቤት፣ የዓይን ሐኪሙ፣ ቀን መቁጠሪያ በብዛት ከሚወስዱልን አንዱ ነው፤ ለደንበኞቹም ያድላል። የሴቶቻችንን ገመና መጠበቅ አቃተን ብለን ብንነግረው በሚቀጥለው ዓመት በራችንንም አያንኳኳም። «የኅትመት ስህተት ነው በይው» አለችኝ። ማተሚያ ቤቱ ለአንድ ገጽ ብሎ ማሽን እንደማያስነሳ ስለማውቅ ሳይቃጠል በቅጠል ብዬ ራሴ ተነሳሁ። ካምናው ስድስተኛ ወር ላይ ፎቶግራፉን ቆርጬ በአዲስ ቅጂ ላይ ለጠፍኩት፤ ማጣበቂያው እስኪደርቅም ሁለት ወፍራም መዝገብ ጫንኩበት። የአምናዋ ሴት እጅ ብርጭቆ የያዘ ነው። እሷ ሌላ አገር ሄዳለች፤ ልጅም የላትም። ይህን ሁለት ጊዜ አጣራሁ።

መነጽር ቤቱ ከላይ እስከ ታች ነጭ ነው። የመነጽር ክፈፎቹ በመደዳ ተደርድረዋል፤ በየመሀሉ መስተዋት አለ፤ ወዴት ብትዞሩ ራሳችሁን ታያላችሁ። ልጅቷ ነጭ ጋዎን ለብሳ ለአንድ ሽማግሌ መነጽር ታስተካክላለች። ከጆሯቸው ኋላ በጣቷ ዳስሳ፣ አውልቃ፣ ክንፉን በሞቀ አየር አለስልሳ አጠፍ አድርጋ መለሰችላቸው። «አሁንስ አባባ፣ ይቆረቁርዎታል?» አለቻቸው። አይቆረቁረኝም ብለው ሲወጡ ወደ እኔ ዞረች።

«ከድርጅቱ ነው የመጣሁት» አልኳት። «የሰቀላችሁት ቀን መቁጠሪያ የኅትመት ስህተት አለበት። ልቀይርላችሁ ብዬ ነው።»

«የቱ ወር ላይ?»

«ስድስተኛው።»

ከምስማሩ አውርዳ ሰጠችኝ። ገለጥኩት። ከአምስተኛው ቀጥሎ ሰባተኛው ነው። በመሀል በሹል ነገር የተቆረጠ የወረቀት ጠርዝ ሽቦው ላይ ቀርቷል፤ በማስመሪያ የተቆረጠ ነው የሚመስለው።

«ቆርጬዋለሁ» አለች።

«መቼ?»

«የመጣ ዕለት። ሐኪሙ ያኔ ውስጥ፣ መመርመሪያ ክፍሉ ነበር የሰቀለው። እዚያ እናቴ አትገባም፤ ግን ማን ያውቃል ብዬ ቆረጥኩት። ባለፈው ሳምንት ደንበኛ ይየው ብሎ ወደዚህ አወጣው። ደግነቱ ውስጥ ተቀምጦ አላስችል ብሎት ነው።»

«ወሩ ሲገባ ሐኪሙ ቢጠይቅሽስ?»

«የኅትመት ስህተት ነው ልለው ነበር።»

ደንባችን ያንዷን ሴት ነገር ለሌላ ሰው፣ ለልጇም ቢሆን፣ አዎ ብሎ ማረጋገጥን ይከለክላል። «የማን እጅ እንደሆነ ልነግርሽ አልችልም» አልኳት።

«አልጠየቅኩዎትም እኮ። እኔ ነኝ የምነግርዎት።» ወንበር ሳበችልኝ፤ እሷ ግን አልተቀመጠችም። እያወራችም ሽማግሌው ለክተው የተዋቸውን ክፈፎች በጨርቅ እየጠረገች ወደ ቦታቸው ትመልስ ነበር። «አሥራ አራት ዓመቴ ነበር። አንድ ቀን ወደ ማታ እራቷን ረስታ ወጣች። ተርባ ታድራለች ብዬ ሆስፒታሉ ድረስ ይዤላት ሄድኩ። ዘበኛው እንዲህ የምትባል የለችም አለኝ። አላመንኩትም፤ አለቀስኩበት። ልብስ ማጠቢያው ድረስ ወስዶ አሳየኝ። ሦስት ወንዶች ናቸው የሚያጥቡት። ስመለስ መንገድ ላይ ቁጭ ብዬ እራቷን በላሁት።»

«ለምን?»

«ይዤው ብመለስ የት አደረስሽው ብትለኝ ምን እላታለሁ? ጠዋት ስትመጣ ሰሃኑን አጥቤ ሰቅዬዋለሁ። ረስተሽው ሄድሽ፣ እኔ በላሁት አልኳት። ሆዳም ብላ ሳቀችብኝ። ቀሪውን ቀስ በቀስ ከሰፈሩ ሰማሁ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባል የለ፤ እኛ ሰፈር ያልሰማችው እሷ ብቻ ናት።»

«እጮኛሽስ?» ብዬ ጠየቅኳት። መጠየቅ አልነበረብኝም።

«ያውቃል። መጀመሪያ ነው የነገርኩት። የሚሄድ ከሆነ ገና ሳልለምደው ይሂድ ብዬ። አልሄደም።» ጨርቁን አጠፈችው። «እሱን አይደለም የምፈራው። እዚያ ወንበር ላይ፣ አሁን እርስዎ የተቀመጡበት ላይ፣ በየቅዳሜው መጥታ እንደ ንግሥት ትቀመጣለች። ገጹ ተገልጦ ብታየው እንዳየሁት ታውቃለች። ከዚያ በኋላ ተመልሳ የምትመጣ ይመስልዎታል?»

አይመስለኝም ነበር። አዲሱን ቀን መቁጠሪያ ከቦርሳዬ አውጥቼ ሰጠኋት፤ ስድስተኛውን ወር ገልጣ ብርጭቆ የያዘውን እጅ አየችና የተለጠፈውን ጠርዝ በጥፍሯ ዳሰሰችው።

«አንድ ነገር ልጠይቅዎት» አለች። «ወንድ ያደረጋችሁኝ ለምንድን ነው?»

«እንዳትታወቂ።»

ፈገግ አለች፤ ፈገግታው ግን አልቆየም። «ያ አጎንብሻለሁ የሚለውንስ ማን ጻፈው?»

«እኔ።»

«እናቴ አጎንብሳ አታውቅም።»

በድምጿ ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ ስለ አንድ ሰው ቁመት የምትነግረኝ ነበር የምትመስለው። በስምንት ዓመት ውስጥ የጻፍኩትን ያነበቡ ሰዎች አመስግነውኛል፣ አልቅሰውልኛል፣ ገንዘብ ልከዋል። ከተጻፈላቸው ወገን መጥቶ ይሄ ልክ አይደለም ያለኝ እሷ የመጀመሪያዋ ናት። ይቅርታ አድርጊልኝ አልኳት፤ ከልቤ ነው ያልኩት።

«ተዉት፣ አልፏል» አለች። «የኅትመት ስህተት ብለው ሲገቡ ማን እንደላከዎት ገብቶኛል። እንዳላየሁት ይንገሯት።»

«ማን እንደሆነች አላውቅም።»

«ጥሩ። እንግዲያው ለማያውቋት ሴትዮ፣ አላየችውም ይበሏት።»

ቀን መቁጠሪያውን ሰቀለችው። ትንሽ ራቅ ብላ አይታ ተመልሳ በቀኝ በኩል ከፍ አደረገችው። ሁለት ልጆች የያዘች ሴት ስለገባች እኔ ወጣሁ።

ቢሮ ስደርስ አለቃዬ «ተቀየረ?» አለችኝ። ተቀይሯል አልኳት። የሰማሁትን አልነገርኳትም። ብነግራት አንጀቷ እንደሚበላ፣ ከዚያም ወንዱን ሴት፣ ሴቷን ወንድ አድርጌ ለዓመቱ መጨረሻ ደብዳቤ እንድጽፈው እንደምትለምነኝ አውቃለሁ። ደግነቷን አላምነውም። የራሴንም ብዙ አላምነውም፤ አውቶቡስ ውስጥ ሆኜ የመጀመሪያውን መስመር ጀምሬው ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ሲስተር ከሻወር ወጥታ ፀጉሯን በፎጣ እያሸች የሳጥኖቹ ክፍል አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። ሌሎቹ ገና አልመጡም። ሳታየኝ አልቀረችም፤ ነገር ግን ቀና አላለችም፤ እኔ እስክናገር ጠበቀች።

«ቀየርኩት» አልኳት።

«አላየችውም?»

«አላየችውም።»

«አፍሽን ሞልተሽ ንገሪኝ። ስታወርደው ገለጥ አላደረገችውም?»

«እኔ ነኝ ያወረድኩት። እሷ ሽማግሌ ታስተናግድ ነበር። ዘወር ብላም አላየችኝ።»

ፎጣውን ፊቷ ላይ አድርጋ ቆየች። ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ፤ ስታለቅስ ነው ብዬ አጠገቧ ልቀመጥ ስል ፎጣውን አወረደችው። እየሳቀች ነው። ዓይኗ ግን ቀልቷል።

«እንዴት ነበረች?» አለችኝ።

«ደህና ናት። ነጭ ያምርባታል። ሽማግሌውን አባባ እያለች ታነጋግራቸው ነበር።»

«እንደዚያ ናት።» ፎጣውን አራገፈችው። «የመነጽር ሠራተኛ ሆና አፍንጫዋ ሥር ያለውን አታይም። ከልጅነቷ ጀምሮ እንዲሁ ናት፤ የነገርሻትን ታምናለች። አንዳንዴ እንዲያውም ታሳዝነኛለች። እኔ ብሞትባት እንዴት አድርጋ ትኖር ይሆን እላለሁ። በዚህ ዓለም እንዲህ የዋህ ተሆኖ አይኖርም።»

«ትኖራለች» አልኳት።

«አንቺ ምን ታውቂያለሽ» አለችኝ፤ ቆጣ ብላ ነው ያለችው። «አታውቂያትም እኮ።»

«አላውቃትም» አልኳት።